የጋሼ ምትኩ ዘመዶች

ጋሼ ምትኩ ማረፋቸውን የሰማሁት መርዶ ማርዳቱን ከማያውቅ ሰው ነው። ሰውየው የታች ጋይንት ተወላጅ ነው፤ በቅሎ ሊገዛ ወደ እኛ መጥቶ ጠላ ቤት አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ገብሱ አወራ፣ ስለ ውርጩ አወራ፣ አርብ ገበያ ላይ ደህና በቅሎ እንደጠፋ አወራ። እኔም እሽ እሽ እያልኩ ሌላ ነገር አስባለሁ። በመሀሉ፣ "መርፌ የሚወጉ አንድ ሽማግሌ ነበሩን፤ እሳቸውም ሞቱብን" አለ። ስማቸውን ጠየቅኩት። ነገረኝ። የያዝኩትን ጣሳ መሬት አስቀመጥኩት።

"ያውቋቸው ነበር እንዴ?" አለኝ።

"አብረን ሠርተናል።"

"እንግዲያስ አንድ ነገር ይንገሩኝ" ብሎ ጠጋ አለኝ። "ሰውየው አገራቸው እዚያ አይደለም። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። ሲቀበሩ የነበርነው ጎረቤቶቻቸው ብቻ ነን። ተዝካራቸውን እኛው አዋጥተን አወጣን። በአርባው ዕለት ታዲያ ከስማዳም ከእስቴም ሴቱ እየመጣ 'ዘመዳቸው ነኝ' ይላል። እርስ በርሳቸው እንኳ አይተዋወቁም። አንዷ እስላም ናት። የምን ዘመድ ነው ይሄ?"

ሳቄ መጣ። ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ። ሰውየው ጠላው አናቴ ላይ የወጣ መስሎት ነገሩን ወደ በቅሎው መለሰ። የምን ዘመድ እንደሆኑ አልነገርኩትም። ጠላ ቤት ተቀምጦ የሚነገር አይደለም።

በጃንሆይ ጊዜ በእስቴና በስማዳ መካከል ባለች አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ የካርድ ጸሐፊ ነበርኩ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ከዚህ በታች የምጽፈው የሚያኮራት አይደለም። ክሊኒካችን ባለ ሦስት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነበረች። ሠራተኞቿ ኃላፊው፣ ቁስል አጣቢውና መርፌ ወጊው ድሬሰር ጋሼ ምትኩ፣ ዘበኛውና እኔ ነን። ኃላፊው ትምህርት የዘለቀው ወጣት ነበር። የእሱንም ስም አልጽፍም፤ ልጆቹ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ቆመው ነው ሰላም የሚሉኝ።

ጋሼ ምትኩ ቀጭንና ረጅም፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው ነበሩ። ነጭ ጋዋናቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ የጣፉትም ራሳቸው ናቸው። ስፌቱን አይቼ፣ "ቁስል የሚሰፉትም እንደዚህ ከሆነ ጉዳችን ፈላ" አልኳቸው አንድ ቀን። "ቁስል ሲሰፋ ሰውየው ይጮኻል፤ ስለዚህ እጠነቀቃለሁ። ጋዋን አይጮህም" አሉኝ። እጃቸውን ሲታጠቡ እስከ ክርናቸው ነው፣ ዘበኛው ውኃ እያፈሰሰላቸው ክርስትና የሚያነሳቸው ይመስል ነበር። ከኪሳቸው የሽምብራ ቆሎ አይጠፋም። ወረፋ የሰለቸው ሰው ሲያዩ አንድ ጭብጥ ያስይዙትና ያልፋሉ።

በሽተኛን አቁሞ ማናገር አይወዱም። ወንድ ሲመጣ "መጀመሪያ ይቀመጥ"፣ ሴት ስትመጣ "መጀመሪያ ትተኛ" ይላሉ። ስም፣ የአባት ስም፣ አጥቢያ፣ ምን ሆና ነው፣ ከማን ጋር መጣች እያልኩ እኔ ከኋላ ስከተላቸው፣ ዞር ሳይሉ "ነገም ይጠየቃል" ይሉኛል። የእኔ እንጀራ ግን ጥያቄ ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ እንጨቃጨቃለን፤ ሁልጊዜም እኔ ነኝ የምሸነፈው።

ስማቸውን ያወጡላቸው እናታቸው ናቸው። ከእሳቸው በፊት ፅንስ በተደጋጋሚ እየወረደባቸው የሰፈሩ ሰው "ሾተላይ አለባት" ብሎ አርቋቸው ነበር። እርጉዝ ሴት እሳት ልትጭር እንኳ ደጃቸው አትደርስም። በመጨረሻ ጋሼ ምትኩ ሲወለዱ እናታቸው አምላካቸውን የሄዱትን ሁሉ በእሱ ተካህልኝ ብለው ምትኩ አሏቸው። ይህን የነገሩኝ እንደ ቀልድ ነው፤ "ብዙ ሰው ተክቼ ነው የምሠራው፣ ደመወዜ ግን የአንድ ሰው ነው" ብለው ሳቁ።

በክሊኒካችን በር ላይ የተለጠፈው ትእዛዝ የመጣው እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ፅንስ ልታስወርድ የሥር መድኃኒት ጠጥታ ክሊኒካችን መጥታ ሞተች። ኃላፊው፣ "ለምን ለፖሊስ ሳታመለክት አከምካት? ከእነማን ጋር ነህ?" እየተባለ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ከረመ። በነጻ ተለቀቀ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም። ከዚያ በኋላ ከበላይ ሳይታዘዝ በራሱ እጅ ማስታወቂያ ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ። ደም የሚፈስሳት ሴት ሆን ብላ አለማስወረዷን የሚገልጽ ወረቀት ከአጥቢያ ዳኛዋ ወይም ከፖሊስ ካላመጣች ካርድ አይወጣላትም ይላል። ከበሽተኞቻችን ማንበብ የሚችል እምብዛም ስላልነበረ ማስታወቂያውን በቃሌ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። ብዙዎቹ ያወጣሁት እኔ ይመስላቸው ነበር። አልፈርድባቸውም።

ጋሼ ምትኩ ማስታወቂያውን አንብበው ወደ ኃላፊው ክፍል ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበረ ሰማሁ።

"ከአጥቢያ ዳኛው እዚህ ድረስ ያለውን መንገድ አይተውታል?" አሉት።

"ትእዛዝ ነው አቶ ምትኩ።"

"የማን ትእዛዝ?"

"የእኔ። በእኔ የደረሰው በእርስዎ አልደረሰም። ልጆች አሉኝ።"

ጋሼ ምትኩ ሌላ ነገር ሳይናገሩ ወጡ። ያን ዕለት ዝም ብለው መውጣታቸው በኋላ እግር እግራቸውን ሲከተላቸው ኖረ።

መስከረም ጠብቶ ነበር። ወደ በረሃው ለሥራ ወርዶ የነበረው ሰው ወባ ተሸክሞ ወደ ደጋው የሚመለስበት ጊዜ ስለሆነ ወረፋው ከግቢው ወጥቶ መንገድ ላይ ተዘርግቷል። አያሌው የሚባል የስማዳ ገበሬ ሚስቱን ይታይሽን ደግፎ መጣ። ባና ተከናንባለች፤ ያ የኛ አገር ወፍራም ጥቁር የበግ ጠጉር ልብስ።

"ምኗን ነው የሚያማት?" አልኩት።

"ወባ ናት ጌታዬ" አለ። ቶሎ ነው ያለው።

"ያንቀጠቅጣታል?"

"አዎ ጌታዬ፣ ያንቀጠቅጣታል።"

ቀና ብዬ አየኋት። ከንፈሯ ነጥቷል። በባናው ውስጥ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጣምራለች። ጠረጠርኩ። ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም፤ ጠርጥሬ ነበር። ነገር ግን ብጠይቀውና እውነቱን ቢነግረኝ ወረቀት አምጣ ልለው ነው፣ እሱ ሊለምነኝ ነው፣ እኔ ልቆጣ ነው፣ ከኋላው ደግሞ ወረፋው ረጅም ነው። ወባ ብሎ መጻፍ ይቀል ነበር። ወባ ብዬ ጻፍኩ።

ከወባዎቹ ጋር ከግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፀሐዩ ዞሮ መጣባት፤ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ቀረች። ተራዋ ደርሶ ስሟን ስጠራ አቤት አላለችም። አያሌው፣ "ይታይሽ፣ ይታይሽ፣ ጠርተውሻል እኮ" እያለ ትከሻዋን ሲነቀንቅ ወደ ጎን ወደቀችበት። ጋሼ ምትኩ ከውስጥ ሮጠው ወጥተው ባናውን ገለጡ። ጥቁር ስለሆነ የጠጣውን ደም አላሳየም ነበር። የተቀመጠችበት ድንጋይ ግን አሳየ። አንስተን አስገባናት፤ መርፌው ሳይቀዳ አለፈች።

ጋሼ ምትኩ ከአያሌው ጎን መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "ምነው ሳትነግረኝ ወንድሜ?" አሉት። ቁጣ የለበትም።

"ገበያ ላይ መክረውኝ ነው ጌታዬ። ደም ነው ካልክ ወረቀት አምጣ ይሉሃል፣ ወባ ነው በል አሉኝ። ዳኛችን ወንዝ ማዶ ነው ያለ። እሱ ዘንድ ደርሼ እስክመለስ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ።" ቀጥሎም ማንም ሳይጠይቀው፣ "ኧረ በማርያም ፈልገነው ነበር ልጁን! ክርስትና አባት እንኳ ለምነንለት ነበር" አለ።

ሬሳው በቃሬዛ ሲወጣ ጋሼ ምትኩ ጋዋናቸውን ሳያወልቁ አንዱን ጫፍ ተሸክመው እስከ ወንዙ ሸኙ። ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጡ። ካርዷን ጠየቁኝ። ቆመው አነበቡት።

"የአንተ ጽሕፈት ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ጥሩ ጽሕፈት አለህ" አሉኝና ሄዱ። ሰድበውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጋሼ ምትኩ ጨው ተራ ሄዱ። እዚያ ወይዘሮ ዘሀራ የምትባል ነጋዴ ነበረች፤ ከሦስት አውራጃ የሚመጣ ሴት ሁሉ ጨው የሚገዛው ከእሷ ነው፣ ወሬውም እሷ ዘንድ ነው የሚራገፈው። ምን እንዳሏት በኋላ ራሷ ነገረችኝ። "ፅንስ የወረዳት፣ ደም የሚፈስሳት ሴት ካየሽ ወባ ነው እንዳትል። ክሊኒክ መጥታ የምትኩ ዘመድ ነኝ ትበል። ሌላ ነገር አትናገር፣ ሌላ ነገር አትጠየቅም" ነው ያሏት።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ ላስረዳ። የሠራተኛ ዘመድ ወረፋ አይጠብቅም፣ ካርድም አያወጣም፤ በጓሮ በር ይገባል። ይህ የትም አልተጻፈም፣ ከተጻፈው ሁሉ ግን ይበልጥ የሚከበር ነበር። የኃላፊው አክስት በዚያ በር ገብታለች። የዘበኛው አማት ገብታለች። የእኔም ታላቅ ወንድም እባጩን ይዞ ገብቷል።

የመጀመሪያዋ የጋሼ ምትኩ ዘመድ ስትመጣ አመንኩ። ሁለተኛዋንም አመንኩ። ሦስተኛዋ የአንድ እስላም ነጋዴ ምራት ነበረች፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋት "የምትኩ ዘመድ ነኝ" ስትለኝ፣ "በእናት ነው በአባት?" አልኳት። ግራ ገብቷት ሴቶቹን አየችና፣ "በሁለቱም" አለችኝ። ያኔ ገባኝ። ተነስቼ የጓሮውን በር ከፈትኩላት።

ዘመዶቹ እየበዙ ሄዱ። ከእስቴ መጡ፣ ከስማዳ መጡ፣ ከጋይንት በበቅሎ የመጣችም ነበረች። ኃላፊው አንድ ቀን በመስኮት እያየ፣ "ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ስንት እህት ነው ያለው?" አለኝ። "አባታቸው ብዙ አግብተዋል መሰለኝ" አልኩት። በዚያ ሥራ ላይ ሳለሁ ከዋሸሁት ውሸት የማላፍርበት እሱ ብቻ ነው።

ሁሉም አልዳኑም። ዘግይተው የመጡ ነበሩ፤ ጠበል ከርመው፣ ሥር ጠጥተው፣ ዕቃ ተሸክመው ውለው የመጡ። ሴት የሞተችባቸው ዕለት ጋሼ ምትኩ ምሳ አይበሉም፤ ብቻቸውን ጓሮ ቆመው መሣሪያቸውን ያጥባሉ። አንዴ አንዲት ልጅ እግር፣ አልጋው ላይ እንደተኛች፣ "እኔ ነኝ ያስወረድኩት፣ ጠጥቼ ነው" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ጋሼ ምትኩ፣ "ዝም በይ ልጄ፣ ነገም ይጠየቃል" አሏት። ዳነች። በማግስቱ ስትሄድም አልጠየቋት። "ነገ ደርሷል እኮ ጋሼ" አልኳቸው። "አልደረሰም፣ ገና ነው" አሉኝ።

እንዲህ እያለ ዘመድነቱን ያልሰሙ ሰዎች መጡ።

የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነበር፣ ጠዋት ረፈድ ሲል። አራት ሰዎች ብርቄ የምትባል ሴት በቃሬዛ አመጡ። ከፊት አንዱን ጫፍ የተሸከሙት አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ሄደው ድጓ የተማሩ፣ በአገራቸው ማሕሌት የሚመሩ ሰው። በኛ አገር ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ትከሻውን ሳያዋጣ አያልፍም። የፅንስ ደም የነካው ግን ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ነገ ደግሞ በዓል ነው። ስለዚህ መንገደኛው ከሩቅ እያየ በሌላ መንገድ ዞሯል። መሪጌታ ከቤታቸው ጀምሮ ማንም ሳያሳርፋቸው መጡ። ነጭ ኩታቸው ከትከሻው እስከ ወገቡ ደም ሆኗል። ነገ ማሕሌት እንደማይቆሙ እሳቸውም እኛም አውቀነዋል።

ኃላፊው በሩ ላይ ነበር። "ወረቀት ይዛችኋል?" አላቸው።

"ምን ወረቀት ልጄ?"

"ሆን ብላ አለማስወረዷን የሚገልጽ። ከዳኛ ወይም ከፖሊስ።"

"ልጄ ናት። ባለትዳር ናት። ፅንሱ ሾልኳት ነው፤ በቆምኩበት ማሕሌት እምልልሃለሁ።"

"አባቴ፣ መሐላ ለእኔ አይሆነኝም። ፖሊስ ጣቢያው ከዚህ ሩቅ አይደለም፣ አንድ ሰው ይላኩ።"

"ዋዜማ አይደል እንዴ ዛሬ? ማን ይገኛል? ቢገኝስ፣ ሰውየው ደርሶ ሲመለስ ልጄን ያገኛታል?" ቃሬዛውን ወደ እሱ ጠጋ አደረጉ። "ኧረ ስለ እመቤቴ፣ አንድ ጊዜ እያት!"

ኃላፊው አላያትም። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፣ ካያት እንደሚያስገባት ስላወቀ ይመስለኛል።

ጋሼ ምትኩ በዚህ መሀል እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ። ወደ ቃሬዛው ጎንበስ ብለው የብርቄን የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርገው አዩ። "መጀመሪያ ትተኛ" አሉ።

ኃላፊው ፈገግ አለ፣ ግን ፊቱ አልሳቀም። "አቶ ምትኩ፣ ይህችም ዘመድዎ ናት?"

በጥቅሻ ልነግራቸው ሞከርኩ። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አዎ ቢሉ ኃላፊውም ላለማወቁ ምክንያት ያገኛል፣ በጓሮ በር ትገባለች፣ ነገሩ ያልቃል። ምናልባትም እሱ ራሱ አዎ እንዲሉት ለምኗቸው ይሆናል።

"አይደለችም" አሉ ጋሼ ምትኩ። "አላውቃትም። ታማ መጥታለች፣ መታከም ይገባታል። በፊት በር ነው የምትገባው።"

"ከነኳት በእንጀራዎ ነው።"

"እሽ" አሉ። እንዲህ በቀላሉ። ከዚያ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረው፣ "አንሱ እንጅ!" አሉ።

ማሕፀን የሚያኮማትረው መርፌ የሚቀመጥበት ሳጥን ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር። ኃላፊው ወደ እኔ መጥቶ፣ "ቁልፉን እንዳትሰጥ፣ ሰምተሃል?" አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩ። ጋሼ ምትኩ መጡ። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙና እጃቸውን አልዘረጉልኝም፤ መሳቢያውን ራሳቸው ሳብ አድርገው ቁልፉን አነሱ። "አንተ አልሰጠኸኝም፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት" አሉኝ ቀስ ብለው። አልሰጠሁም፣ አልከለከልኩምም። የእኔ ጀግንነት በዚያ ቀን መሳቢያውን አለመቆለፍ ብቻ ነበር።

ጋሼ ምትኩ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ከዚያ ክፍል አልወጡም። መሪጌታ ደጅ ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመው በግዕዝ ያነበንባሉ፤ ነገ በማሕሌት ሊሉት የነበረውን ይመስለኛል። ጋሼ ምትኩ በሩን ከፍተው ሲወጡ ፊታቸው የሽማግሌ ፊት ሆኗል። "ውኃ ጠይቃለች" አሏቸው። መሪጌታ እዚያው በጉልበታቸው ወደቁ።

በአራተኛው ቀን ብርቄ በእግሯ ሄደች። ጋሼ ምትኩ ከኪሳቸው ሽምብራ ቆሎ ሰጥተዋት፣ የአባቷን ክንድ ይዛ እየቆረጠመች በፊት በር ወጣች።

በኋላ ብቻችንን ስንሆን ተናደድኩባቸው። "ዘመዴ ናት ቢሉ ምን ነበረበት ጋሼ? አንዲት ቃል!"

"ስንቷ ዘመድ ልትሆነኝ ነው?" አሉኝ። "እኔ የሌለሁ ቀንስ? ያልሰማችዋስ? ይታይሽ እኮ ዘመድ አልነበራትም። ያኔ መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ፣ ከዚያ ደግሞ በጓሮ በር ሳስገባ ኖርኩ። ይሄ በር የተከፈተው ለሁሉም ነው። የታመመች ሴት ለምን ትደበቃለች?"

ወደ ካርዶቼ ተመለስኩ።

ኃላፊው ዛቻውን አልረሳም፤ ወደ በላይ ጻፈ። የተመለሰለት ደብዳቤ የዓይን ምስክር ቃል በጽሑፍ ይቅረብ ይላል። ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ጸሐፊውም እኔ ነኝ። በዚያ ቃል ምክንያት ጋሼ ምትኩ ከሥራ ተሰናበቱ። ወደ ጋይንት ተሻግረው አርብ ገበያ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ መርፌ እየወጉ ቁስል እያጠቡ ኖሩ። ከእኛ ከተማ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ገበያተኛው በእግሩ ይመላለሳል። እኔ አንድም ቀን አልሄድኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው እል ነበር። ውሸቴን ነው፤ ፊታቸውን ማየት ስላፈርኩ ነው።

ቃሉን የጻፍኩ ቀን ጋሼ ምትኩ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። ብዕሩን አስቀመጥኩት።

"አልጽፍም ጋሼ" አልኳቸው።

"ጻፍ እንጅ። ምን ውሸት አለበት? ልጆች አሉህ፣ ሁለታችንም ለምን እንባረራለን?" ወንበራቸውን አቀረቡ። "እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፍ።"

እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ። ድሬሰር ምትኩ በኃላፊው ተከልክሎ ሳለ ከጸሐፊው መሳቢያ ቁልፍ ወስዶ፣ የፖሊስ ወረቀት ያልያዘች ሴት አክሟል። ቃል በቃል እንዲህ አሉኝ። ቁልፉን ከእኔ ሳያስፈቅዱ መውሰዳቸውን በደንብ እንድጽፍ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ስጨርስ ወረቀቱን ወደ እሳቸው አዙረው አነበቡና መለሱልኝ።

"አንድ መስመር ቀርቶሃል። 'ሴትዮዋ በአራተኛው ቀን በእግሯ ወደ ቤቷ ሄዳለች' ብለህ ጨምርበት። ለእኔ ብዬ አይደለም። ያነበበው ሰው እንዲያውቀው ነው።"

ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከርኩ። ኃላፊው በዚያው ቅጽበት ገብቶ በትከሻዬ ላይ አነበበ።

"በቃ፣ ደህና ነው። የተጠየቅነው ተፈቅዶለት ነበር ወይስ አልተፈቀደለትም ነው። ሌላው አይመለከትም። ፈርም" አለኝ።

ጋሼ ምትኩ አልተቆጡም፣ አልለመኑኝምም። በሽተኛ አጠገብ ሲቀመጡ እንደሚያዩት ነበር ያዩኝ፣ በትዕግሥት።

ወረቀቱ አልሞላም ነበር። ከታች ለዚያች መስመር የሚበቃ ቦታ ነበረ። ፊርማዬን እዚያ ላይ ፈረምኩ።